የራሞንስ የመጀመሪያ አልበም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ራሞንስ የመጀመሪያ አልበም ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን ከቀላሉ ጀምረን መልሰናል፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይሄ አልበም የማን ነው? መቼ ወጣ?

ራሞንስ የሚባለው የኒውዮርክ ፓንክ ሮክ ባንድ የመጀመሪያ የስቱዲዮ ሥራ ነው። አልበሙም ስሙ «ራሞንስ» ነው፤ ሌላ ርዕስ አልሰጡትም። ሳየር ሪከርድስ የተባለ አሳታሚ ኤፕሪል 23 ቀን 1976 ለገበያ አቀረበው።

ልጆቹ ከኒውዮርክ ክፍሎች አንዱ በሆነው ኩዊንስ ውስጥ ፎረስት ሂልስ ከሚባል ሰፈር የመጡ ናቸው። ባንዱን ያቋቋሙት በ1974 ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሲቢጂቢ በሚባል ክለብ መጫወት ጀመሩ። ክለቡ ማንሃተን ውስጥ ባወሪ ጎዳና ላይ የነበረ ጠባብና ረጅም ቤት ነው። ዝግጅታቸው አንዳንዴ ሃያ ደቂቃም አይሞላም ነበር። አንዱ ዘፈን ገና ከማለቁ ቤዝ ጊታሪስቱ ዲ ዲ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር» ብሎ ይጮህና ቀጣዩ ይጀመራል። አልበሙ ያ ዝግጅት ወደ ሸክላ ሲገባ ምን እንደሚመስል ያሳያል። እንዳለ ግን አልገባም፤ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ከሚገምተው በላይ ተሠርቶበታል።

አራቱም ወንድማማቾች ናቸው እንዴ?

አይደሉም፣ የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ሁሉም «ራሞን» የሚለውን ስም እንደ አባት ስም ወሰዱት እንጂ። ድምጻዊው ጆይ ትክክለኛ ስሙ ጄፍሪ ሃይማን ነው። ጊታሪስቱ ጆኒ ጆን ከሚንግስ ይባላል። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ዲ ዲ ደግሞ ዳግላስ ኮልቪን። ድራመሩ ቶሚ ቡዳፔስት ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ነው፤ የቤተሰቡ ስም ኤርደሊ ነው።

ስሙን ያመጣው ዲ ዲ ነው። ፖል ማካርትኒ፣ ቢትልስ ገና ሳይታወቁ በፊት፣ «ፖል ራሞን» የሚል የመድረክ ስም ለትንሽ ጊዜ ተጠቅሞ ነበር። ዲ ዲ ያንን ሰምቶ ወደደው። የሚገርመው፣ በቀረጻው ላይ እውነተኛ ወንድም ነበረ። ሚኪ ሊ የሚባለው የጆይ ታናሽ ወንድም በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ ተቀባይ ሆኖ ድምፁን ሰጥቷል። እሱ ግን ራሞን አልተባለም።

ስንት ዘፈን አለው? ለምንስ እንዲህ አጠረ?

14 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው 29 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጁት። «ጁዲ ኢዝ ኤ ፓንክ» አንድ ደቂቃ ተኩል ላይ ያልቃል። ረጅሙ ዘፈን እንኳ ሁለት ደቂቃ ተኩልን ብዙም አያልፍም።

ያጠረው ያወቁት ዘፈን ስላለቀባቸው አይደለም። በእጃቸው ሌላም ዘፈን ነበራቸው። ዋናው ምክንያት የወቅቱ ሮክ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ታላላቆቹ ባንዶች አንድን ዘፈን አሥርና ሃያ ደቂቃ ይወስዱበት ነበር። ረጅም የጊታር ሶሎ፣ የድራም ሶሎ፣ የኪቦርድ ትርኢት ሲፈራረቅ ዘፈኑ ራሱ የት እንደገባ ይጠፋል። ራሞንስ ያደጉት ከዚያ በፊት በነበረው የ1960ዎቹ የሬዲዮ ፖፕ ነው። በዚያ ጊዜ ዘፈን ሁለት ደቂቃ ነበር፤ ይመጣል፣ ጆሮህ ውስጥ ይቀራል፣ ይሄዳል። ራሞንስም ሶሎውን አወጡት፣ መግቢያውን አሳጠሩት፣ ፍጥነቱን ጨመሩት። የቀረው አንጓና አዝማች ብቻ ነው።

የት ተቀዳ? በስንት ገንዘብ?

ኒውዮርክ ውስጥ ፕላዛ ሳውንድ በሚባል ስቱዲዮ፣ በፌብሩዋሪ 1976። ስቱዲዮው የነበረው ሬዲዮ ሲቲ ሚውዚክ ሆል በተባለው ዝነኛ ትያትር ሕንፃ ላይ ነው። ጠቅላላ ወጪው 6,400 ዶላር ነበር። ሥራው አንድ ሳምንት ገደማ ነው የወሰደው፤ መጀመሪያ መሣሪያዎቹ ተቀዱ፣ ከዚያ ድምፅ። በዚያ ዘመን ትልልቅ ባንዶች ለአንድ አልበም ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ያወጡ ነበር፤ ወራት የሚፈጅ ቀረጻም ብርቅ አልነበረም።

ፕሮዲውሰሩ ክሬግ ሊዮን ነው። ሳየር ውስጥ ይሠራ ስለነበር ኩባንያው ባንዱን እንዲያስፈርም ከወተወቱት ሰዎች አንዱም እሱ ነው። አጠገቡ የተባባሪ ፕሮዲውሰር ማዕረግ የተሰጠው ቶሚ ነበር። ይሄ ለስም ያህል የተሰጠ ማዕረግ አይምሰላችሁ። ቶሚ ከራሞንስ በፊት በረዳት የድምፅ ቴክኒሻንነት ሠርቷል፤ ጂሚ ሄንድሪክስ በተቀዳበት ሥራ ላይ ሳይቀር ነበረበት። ከአራቱ መሐል ስቱዲዮ ውስጥ የትኛው ማብሪያ ምን እንደሚያበራ የሚያውቀው እሱ ነው።

እውነት ለመናገር ሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት ይመስለኛል። መጫወት አይችሉም ነበር እንዴ?

ይሄ ጥያቄ አልበሙ ከወጣ ጀምሮ ያልቆመ ነው። እስኪ አንድ ነገር ሞክሩ። ጊታር ካላችሁ፣ ሁሉንም ክር በአንዴ እየመታችሁ እጃችሁን ወደ ታች ብቻ አውርዱ። ወደ ላይ ስትመለሱ ክሩን እንዳትነኩ። ይሄንኑ በ«ብሊትዝክሪግ ቦፕ» ፍጥነት ሳታቋርጡ ሁለት ደቂቃ ቀጥሉ። የእጅ አንጓ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። ጆኒ ራሞን ይሄንን ያለ እረፍት ለአንድ ሙሉ ዝግጅት ያደርገው ነበር። ሌላው ጊታሪስት እጁን ወደ ታችም ወደ ላይም እያንቀሳቀሰ ግማሹን ድካም ይቀንሳል። ድምፁ ግን ያው አይሆንም። ወደ ታች ብቻ ሲመታ እያንዳንዱ ምት እኩል ይከብዳል፤ ያ እንደ መጋዝ የሚጎረብጥ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቶሚም እንዲሁ ነው። ድራመር ሆኖ አልገባም። መጀመሪያ ድራሙን የሚመታው ጆይ ነበር፤ ይዘፍን የነበረው ደግሞ ዲ ዲ። ዲ ዲ እየዘፈነ ቤዝ መጫወት አቃተው። ጆይም ዘፈኖቹ እየፈጠኑ ሲሄዱ መከተል ተሳነው። ጆይን ወደ ማይክራፎን አዘዋወሩትና ድራመር መፈለግ ጀመሩ። የሚመጣው ሁሉ ያበዛዋል፣ ያሽሞነሙነዋል። የባንዱ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሊሠራ ያሰበው ቶሚ «እንዲህ ነው የምንፈልገው» እያለ ሲያሳይ ሲያሳይ ራሱ ወንበሩ ላይ ቀረ። ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ይገባኛል። የሚፈልጉትን ድምፅ በደንብ ያውቁ ነበር፤ ጎበዝ ነኝ ብሎ የሚያስጌጥ ሰው ደግሞ ያንን ድምፅ ያበላሽባቸዋል።

አንድ ዓይነት ይመስላል ለሚለው ግን ግማሽ እውነት አለው። ኮርዶቹ ጥቂት ናቸው፣ ፍጥነቱም ይቀራረባል። ልዩነቱ ያለው ዜማው ላይ ነው። የጆይን ድምፅ ብቻ ተከትላችሁ ስሙት። ከጫጫታው ሥር የ1960ዎቹ የሴት ልጆች ቡድኖችን የሚመስል ጣፋጭ ዜማ ይፈሳል። «አይ ዋና ቢ ዩር ቦይፍሬንድ» ላይ ደግሞ መደበቁንም ትተውታል፤ እሱ በቃ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ነው፣ ቶሚ ነው የጻፈው።

ጊታሩ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማኛል። የጆሮ ማዳመጫዬ ተበላሽቶ ነው?

ደህና ነው፣ አትጣሉት። ሆን ተብሎ እንዲህ ነው የተቀናበረው። ቤዝ ጊታሩ በግራ፣ የጆኒ ጊታር በቀኝ፣ ድራሙና ድምፁ መሐል ላይ ነው። የ1960ዎቹ መጀመሪያ የስቴሪዮ ሸክላዎች፣ የቢትልስንም ጨምሮ፣ እንዲህ ለሁለት የተከፈሉ ነበሩ። የራሞንስ አልበም የተቀዳበት መሣሪያ ግን ከዚያ በጣም የተሻለ ነበር። አቅም አጥተው አይደለም፤ ያንን የድሮ ስሜት ፈልገው ነው።

ይሄ ለተማሪ ትልቅ ስጦታ ነው። የቀኙን አጥፍታችሁ ቤዙን ያለ ጊታሩ መስማት፣ የግራውን አጥፍታችሁ ጊታሩን ያለ ቤዙ መልቀም ትችላላችሁ። ቤት ውስጥ በዚህ መንገድ ጊታር የተማረ ሰው ቁጥር የለውም። የተቀናጀ ድምፅ ለለመደ ጆሮ የሚከብድ ከሆነ፣ ክሬግ ሊዮን ራሱ ለአልበሙ 40ኛ ዓመት ያዘጋጀው የሞኖ ቅጂ በ2016 ወጥቷል። እዚያ ላይ ሁሉም ነገር መሐል ላይ ተጠቅጥቆ ይመጣል።

ያ በየስታዲየሙ የሚሰማው «ሄይ! ሆ!» ከየት መጣ?

«ብሊትዝክሪግ ቦፕ» ነው፣ የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን። ዘፈኑን በዋናነት የጻፈው ቶሚ ነው። ርዕሱን የሰጠው ዲ ዲ። በወቅቱ ቤይ ሲቲ ሮለርስ የሚባል የስኮትላንድ የፖፕ ባንድ «ሳተርደይ ናይት» በሚለው ዘፈኑ ውስጥ ፊደል በፊደል የሚጮህ አዝማች ነበረው። ቶሚ «እኛም እንዲህ ሕዝብ የሚጮኸው ነገር ያስፈልገናል» ብሎ ነው የተነሳው። በሌላ አነጋገር፣ የፓንክ መፈክር የሆነው ጩኸት የመጣው ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጃገረዶች ከሚዘፍን ቡድን ነው። ይሄን ለማመን የሚቸገር ብዙ የፓንክ አድናቂ አለ።

ዘፈኑ ሲወጣ በነጠላም ቀርቦ ነበር፤ የትም አልደረሰም። ስታዲየም የገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ግጥሞቹ ስለምንድን ናቸው?

ስለ ሰፈር፣ ስለ ፊልም፣ ስለ ኮሚክ፣ ስለ ሴት ልጅ፣ ስለ ድብርት። «ቢት ኦን ዘ ብራት» ጆይ ከነበረበት ሰፈር የመጣ ነው፤ በሀብታም አፓርታማዎቹ ግቢ ውስጥ የሚቀብጡት ሞልቃቃ ልጆች አንገብግበውት ጻፈው። «ቼይን ሶው» በ1974 የወጣውን ዝነኛውን የቴክሳስ የመጋዝ አስፈሪ ፊልም መነሻ አድርጎ የተጻፈ ነው፤ የሚጀምረውም በመጋዝ ጩኸት ነው። «ሃቫና አፌር» ማድ በተባለው የቀልድ መጽሔት ላይ ከሚወጣው የሁለት ሰላዮች ኮሚክ የመጣ ነው። የኮሚኩ ሠዓሊ ከኩባ የተሰደደ ሰው ነበር፤ ሃቫና የገባችው በዚያ በኩል ነው። «ሌትስ ዳንስ» ብቻ የራሳቸው አይደለም። ክሪስ ሞንቴዝ በ1962 የዘፈነው ነው። በዚያ ዘፈን ላይ የሬዲዮ ሲቲን ግዙፍ ኦርጋን ተጠቅመውበታል። ሕንፃው ውስጥ ሆነህ እንዴት ዝም ትለዋለህ!

ሙጫ ስለመሳብ የሚያወራውን ዘፈን በተመለከተ፣ ቀልድ ነው። ሥራ የፈቱ፣ የሰለቻቸው ልጆች ምን እንደሚያደርጉ ያለ ማሽሞንሞን ይናገራል፤ አድርጉት አይልም። ሰዎች አምርረው ስለያዙት በሁለተኛው አልበማቸው ላይ ሙጫውን ትተው ስለ ካርቦና፣ ማለትም ስለ ልብስ ማጽጃ ኬሚካል፣ ዘፈኑ። ካርቦና የንግድ ስም በመሆኑ ያኛው ዘፈን ከአልበሙ እንዲወጣ ተደረገ። ነገር ፍለጋ ነበር፣ አገኙት።

«ፊፍቲ ሰርድ ኤንድ ሰርድ» ስለምን ነው? ጨለምተኛ ሆነብኝ።

ልክ ነዎት፣ ከአልበሙ ውስጥ ከበድ የሚለው ይሄ ነው። 53ኛው ጎዳናና 3ኛው አቬኑ የሚገናኙበት የማንሃተን ማዕዘን በዚያ ዘመን ወጣት ወንዶች ገላቸውን ለወንዶች የሚሸጡበት ቦታ ነበር። ዘፈኑ እዚያ ቆሞ ማንም የማይመርጠውን ልጅ ይተርካል፤ ታሪኩም በደም ያበቃል። የጻፈው ዲ ዲ ነው። ከራሱ ሕይወት ምን ያህሉን እንዳመጣ ብዙ ተወርቷል። ዲ ዲ በወጣትነቱ በሄሮይን ሱስ የተያዘ ሰው መሆኑ የታወቀ ነው።

ሲሰማ ልብ የሚባል ነገር አለው። ዘፈኑን በሙሉ የሚዘፍነው ጆይ ነው፤ መሐል ላይ ግን ዲ ዲ ራሱ ይገባል። የእሱ ድምፅ ዜማ የለውም፣ ይጮሃል። የጆይ ድምፅ እስከዚያ ድረስ ነገሩን እንደ ፊልም ሲያሳየን ቆይቶ በድንገት ባለጉዳዩ መጥቶ አጠገባችን ይቆማል። አልበሙን ቀልድ ብቻ ነው ለሚል ሰው መጀመሪያ የማሰማው ይሄንን ነው።

ዘፈኖቹን የጻፈው ማን ነው? ወረቀቱ ላይ ሁሉም «ራሞንስ» ይላል።

ከ«ሌትስ ዳንስ» በስተቀር ሁሉም በባንዱ ስም ነው የተመዘገበው። በተግባር ግን እያንዳንዱ ዘፈን ባለቤት ነበረው። «ቢት ኦን ዘ ብራት»ን፣ «ጁዲ ኢዝ ኤ ፓንክ»ንና «ቼይን ሶው»ን ያመጣው ጆይ ነው። የሙጫውንና የ53ኛውን ጎዳና ዲ ዲ። ቶሚ ሁለቱን ነጠላ ዜማዎች፣ «ብሊትዝክሪግ ቦፕ»ንና «አይ ዋና ቢ ዩር ቦይፍሬንድ»ን። በኋላ ዓመታት ዘፈን እያወጡ በየግል ስም መመዝገብ ተጀመረ። የመጀመሪያው አልበም ላይ ግን ገና አንድ ላይ ነበሩ።

የሽፋኑ ፎቶ ታሪክ ምንድን ነው?

ፎቶውን ያነሳችው ሮበርታ ቤይሊ ናት። ሲቢጂቢ በር ላይ ቆማ መግቢያ ትቀበል ነበር፤ «ፓንክ» ለሚባለው መጽሔትም ፎቶ ታነሳለች። ለሽፋኑ ተብሎ 2,000 ዶላር ገደማ ወጥቶበት ሌላ ፎቶ ተነስቶ ነበር። እንደ ቢትልስ ሽፋን እንዲመስል ታስቦ ነው፤ አላማረም። በመጨረሻ ከቤይሊ ፎቶዎች አንዱ በ125 ዶላር ተገዛ።

ቦታው ከክለቡ አቅራቢያ ያለ የጡብ ግድግዳ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ጆኒ፣ ቶሚ፣ ጆይ፣ ዲ ዲ ተደርድረዋል። የቆዳ ጃኬት፣ የተቀደደ ጂንስ፣ ሸራ ጫማ። የሚስቅ የለም። ጆይ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሰው ስለነበር ጎንበስ ብሏል፤ ቶሚ ደግሞ ከሌሎቹ እንዳያንስ በእግሩ ጣት ተንጠራርቷል። ይሄን አንዴ ካወቃችሁ በኋላ ፎቶውን እንደ በፊቱ በቁም ነገር ማየት ያስቸግራል።

ቲሸርት ላይ ያለው የንስር ማኅተም ከዚህ አልበም ነው?

አይደለም። ያ ማኅተም የባንዱን ሥዕላዊ ሥራ ይሠራ የነበረው የአርቱሮ ቬጋ ሥራ ነው። የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ማኅተም ወስዶ የወይራውን ቅርንጫፍ በፖም ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ቀስቶቹን በቤዝቦል ዱላ ተካቸው። የመጣው ከዚህ አልበም በኋላ ነው። የመጀመሪያው አልበም ጀርባ ላይ ግን ንስር አለ፤ የቀበቶ መቆለፊያ ላይ የተቀረጸ፣ እሱንም ያነሳው ቬጋ ነው። ከሸክላቸው ቲሸርታቸው በልጦ ተሸጠ ይባላል። በየመንገዱ የሚታየውን ሳስብ ለመከራከር አልደፍርም።

ሲወጣ ተሸጠ?

በጭራሽ። ቢልቦርድ የአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ ላይ 111ኛ ደርሶ ነው የተመለሰው። ነጠላ ዜማዎቹ ሰንጠረዥ ውስጥም አልገቡም። ጋዜጠኞች ግን ከጅምሩ ጥሩ ነበር የጻፉለት። ሬዲዮዎች አልነኩትም።

በአሜሪካ የወርቅ ሸክላ፣ ማለትም የ500,000 ቅጂ ሽያጭ ማረጋገጫ፣ ያገኘው በ2014 ነው፤ ከ38 ዓመት በኋላ። በዚያን ጊዜ ከአራቱ በሕይወት የነበረው ቶሚ ብቻ ነበር። ጆይ በ2001፣ ዲ ዲ በ2002፣ ጆኒ በ2004 አርፈዋል። ቶሚም ማረጋገጫው በተሰጠ ጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጁላይ 2014 ሞተ። ከዚያ በፊት አልበሙ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ በሚመርጣቸው ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ፣ በ2012 ዝርዝር፣ ገብቷል።

የመጀመሪያው የፓንክ አልበም ነው?

እዚህ ላይ ነው ጠቡ። የሚቃወሙት ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ስቱጅስና ኤምሲ5 የሚባሉት ባንዶች ገና በ1969 አልበም አውጥተዋል። ኒውዮርክ ዶልስ በ1973 ወጥተዋል። ዲክቴተርስ የሚባሉት ሌሎች የኒውዮርክ ልጆች በ1975 ቀድመዋል። በዚያው በሲቢጂቢ የምትጫወተው ፓቲ ስሚዝም በ1975 መጨረሻ የመጀመሪያ አልበሟን አውጥታለች። ስለዚህ «ከዚህ በፊት ምንም አልነበረም» የሚል ሰው ተሳስቷል።

የእኔ መልስ ግን አዎ ነው፣ በአንድ ምክንያት። ከላይ ያሉት ሁሉ ጨካኝ ሮክ ናቸው፣ ብሉዝ አለባቸው፣ ቅኔ አለባቸው፣ ትያትር አለባቸው። ዛሬ አንድ ሰው «ፓንክ» ሲል በአእምሮው የሚሰማው ፈጣን ምት፣ ወደ ታች ብቻ የሚመታ ጊታር፣ የሁለት ደቂቃ ዘፈንና ብሉዝ የሌለበት ዜማ ሙሉ በሙሉ ተሰብስቦ የተገኘው መጀመሪያ በዚህ አልበም ላይ ነው። የእንግሊዞቹ ከዚህ በኋላ ናቸው። የዳምድ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ በኦክቶበር 1976 ወጣ። የክላሽና የሴክስ ፒስትልስ አልበሞች ደግሞ በ1977።

ራሞንስ ለንደን ሲሄዱ ሴክስ ፒስትልስና ክላሽ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ ይባላል። እውነት ነው?

ቀኑ ተቀላቅሎ ነው የሚወራው። ራሞንስ ጁላይ 4 ቀን 1976፣ አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን በምታከብርበት ዕለት፣ ለንደን ራውንድሃውስ አዳራሽ ተጫወቱ። ዋናዎቹ እነሱ አልነበሩም፤ ፍላሚን ግሩቪስ የሚባለውን ባንድ አሟቂ ሆነው ነው የገቡት። በዚያች ምሽት ሴክስ ፒስትልስ ሼፊልድ ከተማ እየተጫወቱ ነበር። የእነሱ አሟቂ ደግሞ የመጀመሪያ መድረኩን ያገኘው ክላሽ ነው። ሰው ሁለት ቦታ አይገኝም። በማግስቱ ራሞንስ እዚያው ለንደን ዲንግዎልስ በሚባል ክለብ ደገሙት። ከእንግሊዞቹ ልጆች ጋር የተገናኙት ያኔ ነው።

ያስተማራቸው ራሞንስ ናቸው ማለት ግን ማጋነን ነው። ሁለቱም ባንዶች ከዚያ በፊት ነበሩ። ከዚያ ክረምት በኋላ የለንደን ዘፈኖች ሲፈጥኑ ማንም ይሰማዋል።

ግጥሞቹ ውስጥ ናዚ አለ። ባንዱ ናዚ ነበር?

አልነበረም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ «ሙድ ነው፣ እለፈው» ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ዘፈን ርዕስ የጀርመን ጦር የመብረቅ ጥቃት ስም ነው። የመጨረሻው «ቱዴይ ዩር ላቭ፣ ቱሞሮ ዘ ወርልድ» ደግሞ ተናጋሪውን የጀርመን ወታደር አድርጎ ያቀርባል። መጀመሪያ ሲጻፍ ተናጋሪው ራሱን በግልጽ ናዚ ብሎ ይጠራ ነበር። የሳየር ኃላፊ ሲሞር ስታይን አይሁዳዊ ነበር፤ ይሄን አላሳልፍም አለ። መስመሩ ተቀየረ፣ «ናዚ» የነበረው ቦታ ላይ ስለ ደነዘዘ የአጥቂ ጦር ወታደር የሚያወራ ስንኝ ገባ። የተቀየረው ይሻላል የሚል ሰው አለ፤ አባባሉም ቀልዱም በደንብ የሚታየው በተቀየረው ነው።

ባንዱ ውስጥ ማን እንዳለ ማየት ደግሞ ይጠቅማል። ጆይ አይሁዳዊ ነው። ቶሚ አይሁዳዊ ነው፤ ወላጆቹ ቡዳፔስት ውስጥ ናዚዎች አይሁዳውያን ላይ ካካሄዱት ጭፍጨፋ ተደብቀው የተረፉ ናቸው፣ ብዙ ዘመዶቹ አልተረፉም። «ብሊትዝክሪግ ቦፕ»ን የጻፈው ይሄው ሰው ነው። ዲ ዲ በበኩሉ አባቱ የአሜሪካ ወታደር፣ እናቱ ጀርመናዊት ናቸው። ልጅነቱን ያሳለፈው ጀርመን ውስጥ ነው፤ ከጦርነቱ የተረፉ ቁርጥራጮች ይለቅም ነበር። ምስሎቹ በብዛት የመጡት ከእሱ ነው።

ስለዚህ ደጋፊነት አይደለም፣ ወላጅና አስተማሪ የሚያስደነግጥ ነገር ፍለጋ ነው። ይሄ ማለት ግን ሰሚው ካልተመቸው ጥፋቱ የሰሚው ነው ማለት አይደለም። ወላጆቻቸው ያንን ዘመን ያለፉ ልጆች በራሳቸው ቁስል ቀለዱ፤ ያ መብታቸው ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ታሪኩን የማያውቅ፣ ምንም ያልደረሰበት ታዳጊ ያንኑ ምስል ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲሄድ ቀልዱ አብሮት አይሄድም። በፓንክ ውስጥ ይሄ ክርክር በኋላ በጣም ከርሯል፤ ምልክቱን ከምር የወሰዱ ቡድኖችም መጥተዋል። ያንን በራሞንስ ላይ ማላከክ ግን ፍትሐዊ አይደለም።